ሃያ ሰባት ቡሽ

የዑቅባዝጊ ሞተር ሳይክል ከታርጋው በቀር የራሱ የሆነ ነገር የለውም እየተባለ በአሥመራው ገዛ ባንዳ ሠፈር ይቀለድበት ነበር። ቀልዱ ትንሽ ግፍ አለበት። ሻንሲው፣ ነዳጅ የሚሞላበት ሰልባቲዮው፣ ከሞተሩም ወፍራም ወፍራሙ ብረት ጣልያን አገር ተሠርቶ የመጣው እንደሆነ አለ። የቀረው ግን፣ እውነትም፣ ከያለበት የተለቃቀመ ነው። የፒስቶኑ ፋሻ ከአንድ አትክልት ቦታ የውሃ መሳቢያ ተወስዶ በሞረድ የጠበበ ነው። የነዳጅ መስጫው ገመድ የብስክሌት ፍሬን ነበረ። የኮርቻው ሞላ ከሆስፒታል ከተጣለ አልጋ ላይ የተነቀለ ስለሆነ ሲቀመጡበት ያቃስታል። ጥሩምባውን ከአይስክሬም ጋሪ ላይ ነው የገዛው፤ ስለዚህ ዑቅባዝጊ መንገድ ልቀቁ ብሎ በነፋው ቁጥር ሕፃናት ሳንቲም ይዘው ከየበሩ ይወጣሉ።

ዑቅባዝጊ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ሙያውንም ሞተሩንም ያወረሰው የድሮ አሠሪው ሲኞር ካርሊኒ ነበር። ሲኞር ካርሊኒ ሱቁን ዘግቶ፣ ሁለት ሻንጣ አንጠልጥሎ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የሞተሩን መለዋወጫ ከዚያ እልክልሃለሁ ብሎት ነበር። አንድ ደብዳቤ መጣ። ሞተሩን የሠራችው ትንሽ ፋብሪካ መዘጋቷን፣ በቦታዋም የመታጠቢያ ቤት ሸክላ እንደሚሸጥ የሚናገር ደብዳቤ ነው። ሁለተኛ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ዑቅባዝጊ ግን ፖስታ ቤቱ አጠገብ ሲደርስ ዛሬም ፍጥነት ይቀንሳል።

ፍሪሲዮኑ ያስቸገረው ከፋሲካ ማግሥት ነው። የአንዲት ልብስ ሰፊ መኪና ከኋላው አስሮ የገዛ ባንዳን ዳገት ሲያያዘው፣ መሃል ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አልንቀሳቀስም አለ። ሁለት ጀሪካን የጫነች አህያ ቀድማው አለፈች። ባለቤቷ ሴትዮ ዞር ብላ ልጎትትህ ወይ ብላ ጠየቀችው። እንዳያስቀይማት ብሎ አልሳቀም፤ የጠየቀችው ከልቧ እንደሆነ ገብቶት ነበር።

ሞተሩን እየገፋ መደበር ወረደ። መደበር በርሜል ገብቶ ምድጃ ሆኖ የሚወጣበት፣ መዶሻ ቀኑን ሙሉ የማያርፍበት ግቢ ነው። እዚያ ሰዒድ እስማኤል የሚባል የቶርኖ ባለሙያ ወዳጅ አለው።

"ደግሞ ምኑ ሞተ?" አለ ሰዒድ፣ ከቶርኖው ላይ ቀና ሳይል።

ፈቱት። ሦስት ዲስክ አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ቀዳዳ። በየቀዳዳው ተሰክቶ ዲስኩን ከዲስክ ጋር ያያይዝ የነበረ ነገር ነበረ፤ አሁን ግን ቀዳዳዎቹ እንደ አሮጊት ድድ ባዷቸውን ቀርተዋል። ምን እንደነበረ ሁለቱም አላወቁም። ሃምሳ አራት ቀዳዳ በምን እንደሚደፈን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው።

በመጀመሪያ የጫማ ሶል ሞከሩ። ዑቅባዝጊ የከተማው አውራ ጎዳና ኮምቢሽታቶ ሳይደርስ የተለበለበ በግ ሸተተ። ቀጥለው የመኪና ጎማ ከርክመው ሰኩበት። ያ ደግሞ ከመያዝ አልፎ አልለቅም አለ፤ ዑቅባዝጊ ቤቱን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ሳይወድ በግድ እየተሳለመ አልፎ፣ አሸዋ ክምር ውስጥ ገብቶ ቆመ። በሦስተኛው ሰዒድ ዓይኑን የዑቅባዝጊ ራስ ላይ ጣለ።

ራሱ ላይ ያለችው ግራጫ ባርኔጣ ሲኞር ካርሊኒ ለሠርጉ የሸለመው ናት። ጥሩ ፈልት ናት፤ ጥንቸል ጠጉር። ዑቅባዝጊ አውልቆ ለጥቂት ጊዜ በእጁ አዟዟራት፤ ከውስጧ የሚላኖ ባርኔጣ ሠሪ ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎ ነበር፣ ከ"ሚ" በቀር የሚነበብ አልቀረም። ከዚያ ሰጠው። ሃምሳ አራት ክብ ከእሷ ወጣ፤ ጥቂትም ተረፈ። ለሦስት ቀን እሰይ የሚያሰኝ ሥራ ሠራች፣ በአራተኛው ቀን አለቀች። ሚስቱ ለተጽዮን ባርኔጣህስ የት አለ ስትለው፣ ነፋስ ወሰደው አላት። ትንሽ ውሸት ናት። ግን የውሸቶቹ መጀመሪያ እሷ ነበረች።

በመጨረሻ ሰዒድ ከአንዱ ቀዳዳ ጥግ በመርፌ ቡናማ ፍርፋሪ ጎርጉሮ አወጣ። መዳፉ ላይ አስቀምጦ ተመለከተው፤ በጣቱ ደቆሰው።

"እኔ በዕድሜዬ ይህን ነገር ከፍቼ አላውቅም" አለ። "ቢሆንም ቡሽ ነው። የወይን ጠጅ ጠርሙስ ቡሽ። አንተ ልታውቀው ይገባል፤ ወዳጅህ አልነበረም?"

ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ሰዒድም ይህን ያውቅ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከአንድ ሠርግ ሲመለሱ፣ ወደ ጊንዳዕ በሚወርደው መንገድ፣ ከዓርበሮቡዕ መንደር በታች ካሉት መታጠፊያዎች በአንዱ ላይ ዑቅባዝጊ ሞተሩንም ሚስቱንም ጣላቸው። ሞተሩ ደህና ነበረ። የለተጽዮን የግራ እጅ ከአንጓው ተሰበረ፤ ሲጠገንም ትንሽ ጠመም ብሎ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ድስት ስታወርድ በዚያ እጇ አትይዝም። ዑቅባዝጊ በማግሥቱ በነፍስ አባታቸው በአባ ወልደሩፋኤል ፊት ማለ። የሚያሰክር ነገር አልቀምስም፤ የባርም ደፍ አልረግጥም። ለተጽዮን መሐላውን እስከ መጨረሻው አዳመጠችና የራሷን ጨመረች። የጠጣህ ቀን ጊንዳዕ ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ፤ የሚለምነኝ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ፣ ብትልክ ከነሽምግልናቸው እመልሳቸዋለሁ አለች። ለዚያ ቀን የሚሆን ጓዝ በትንሽ ሻንጣ አዘጋጅታ ከአልጋው ሥር አኖረች። በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ አውጥታ ታጥበዋለች፣ ተኩሳ ትመልሰዋለች። ዑቅባዝጊ ያን ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ባየ ቁጥር ጉሮሮው ይደርቃል፤ ግን ውሃ ነው የሚጠጣው።

እና አሁን ቡሽ አስፈለገው። አንድ ቡሽ ለሁለት ቢቆረጥ ሃያ ሰባት ደህና ቡሽ ይበቃል። ነገሩን ለሚስቱ መንገር እንዳለበት ያውቅ ነበር። ሦስት ጊዜም ሊነግራት አፉን ከፍቷል። ሆኖም "የወይን ጠጅ" የሚለውን ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ተናግሮት አያውቅም፤ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋው። አንድ ጊዜ ጀምሮ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጨረሰው።

ሰው ሁሉ ቢራና ጂን በሚጠጣበት ከተማ ባለ ቡሽ ጠርሙስ የሚከፍት ባር ብዙ አልነበረም። ከነበሩት አንዱ ድሮ ዑቅባዝጊ የራሱ ወንበር የነበረው የተክሊት ባር ነው። ዑቅባዝጊ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል። አይገባም። ደፉ ጋ ሲደርስ የጫማዎቹን አፍንጫ በልክ አስተካክሎ ከውጭ ይቆማል፤ አንገቱን ብቻ ያስገባል።

"አያ ዑቅባይ፣ ግባ እንጂ፤ ወለሉ አይነክስም" ይለዋል ተክሊት ከባንኮኒው ጀርባ።

"ዛሬ ስንት ከፈትክ?"

"ሁለት። አንዱን የከፈተው አዲስ አስተናጋጅ ነው፤ ቡሽ መንቀያውን እንደ ቡን መፍጫ ነው ያዞረው፣ በስቶታል።"

ቡሾቹ ከባንኮኒው ላይ ይወረወራሉ። ዑቅባዝጊ ደፉን ሳያልፍ በአየር ላይ ይቀልባቸዋል፤ ሲስተው መሬት ወድቆ ወደ ውስጥ ከተንከባለለ አንዱ ደንበኛ በእግሩ መልሶ ይለጋለታል። ጥቂት ቆይቶ ይህ ነገር ጨዋታ ሆነ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወንበራቸውን ወደ በሩ የሚያዞሩ ሰዎች ተገኙ። የከፋው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ደህና ቡሽ ከአንድ ቁራጭ የተቆረጠ ነው፤ መጥፎው ከፍርፋሪ የተጣበቀ ነው። ይህን ለመለየት ቅርብ የማያየው ዑቅባዝጊ ቡሹን እስከ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ያገላብጠዋል። ከሩቅ ላየው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያሸት ይመስላል።

በሳምንቱ ወሬው ገዛ ባንዳ ደረሰ። ምስኪን፣ መጠጣት ስለማይችል ቡሽ ያሸታል ተባለ። አንዳንዱ አዘነለት፤ ባለ ሱቁ ዕቃ ሲሸጥለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ በርታ ይለው ጀመር። ዑቅባዝጊ ስለ ፍሪሲዮኑ መስሎት ያመሰግነዋል። ለተጽዮንም ሰማች። ኮቱን ስትሰቅል ኪሱን በውጭ በኩል ዳበሰችው፤ ክብ ክብ ነገር ነው። እጇን አላስገባችም። ይነግረኛል ብላ ጠበቀች።

ሃያ ሰባተኛው ቡሽ የተገኘው በሰኔ ነው። ሰዒድ ሥራውን አስረዳው። ቡሹ ይቀቀላል፤ ሲለሰልስ ተጨምቆ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ተመልሶ ያብጥና ይይዛል፤ ከዚያ ዘይት ውስጥ ያድራል።

"እንግዲያው ድስት አምጣ" አለው ዑቅባዝጊ።

"የወይን ጠጅ የነካው ነገር በኔ ድስት አይቀቀልም፣ ይቅር በለኝ። ሻይ የምጠጣበት ነው" አለ ሰዒድ።

ስለዚህ ለተጽዮን ለማርያም ማኅበር በወጣችበት ቀን፣ ዑቅባዝጊ የቤቱን ትልቁን ብረት ድስት ጥዶ ሃያ ሰባቱን ቡሽ ጨመረበት። ቡሽ ሲቀቀል ምን እንደሚሆን አላሰበም። ቡሹ በጠርሙስ ውስጥ ሳለ የጠጣውን ሁሉ መልሶ ተፋው። ውሃው ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፤ እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። ዑቅባዝጊ ደንግጦ መስኮቶቹን በሙሉ ከፈተ፤ ያን ጊዜ ሽታው ከቤቱ ወጥቶ መንደሩን ያዘ። ጎረቤት ያለው ጡረተኛ አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ዛሬ ምን በዓል ነው አለ።

ለተጽዮን ከሁለት የማኅበር ሴቶች ጋር በሩ ላይ ስትደርስ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ዑቅባዝጊ ሸሚዙን ሰብስቦ፣ ፊቱ በእንፋሎት ቀልቶ፣ ዓይኑ አልቅሶ፣ በእጁ ማማሰያ ይዞ ቆሟል። ከዚያ ቁመና የባሰ ቁመና ቢፈለግ አይገኝም ነበር።

"ለተ፣ የፍሪሲዮን ነው" አላት።

ድስቱ ውስጥ አየች። አንዷ የማኅበር ሴት ደግሞ አማተበች። ለተጽዮን ወደ ጓዳ ገባችና ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ስባ አወጣች፤ ሲጎተት የሠራው ድምፅ እስከ ደጅ ተሰማ።

ዑቅባዝጊ ሮጦ አባ ወልደሩፋኤልን አመጣ። የነፍስ አባት እንጂ ሽማግሌ አይደሉም፣ ስለዚህ ቃሏን አላፈረስኩም ብሎ ነው። አባ ግን ጉንፋን ይዟቸዋል። ዑቅባዝጊን እፍ በልብኝ አሉት፤ እፍ አለ፤ ደግመው እፍ በል አሉት።

"ልጄ፣ ዛሬ ዕጣንም አይሸተኝም" ብለው አፍንጫቸውን ጠረጉ። ወደ ማኅበሯ ሴቶች ዞረው ከእናንተ አንዷ ብታሸቱት ሲሉ፣ ሴቶቹ የሰው ባል እንዴት ብለው ተሸማቀቁ። አባ ድስቱ ጋ ሄደው በማማሰያው አንድ ቡሽ አወጡ። ቡሹ ያለ ጠጁ ኃጢአት ይኖርበት እንደሆነ መጻሕፍት ምን እንደሚሉ ለጥቂት ጊዜ አሰቡ፤ ምንም አይሉም። ከውሃው ቀምሰሃል ወይ ብለው ጠየቁት። አልቀመሰም። እንግዲያው መሐላው አልፈረሰም፣ አንቺም ሻንጣሽን መልሺ አሉ።

ለተጽዮን ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ነበር።

"አባቴ፣ እኔ ጠጣ አላልኩም" አለች። "እንዳልጠጣ አውቃለሁ፤ የጠጣ ቀን እንዴት እንደሚራመድ ከሱ ይልቅ አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት አብሬው የተኛሁት ስላልጠጣ አይደለም፤ ስለማይደብቀኝ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ አገር አወቀ፤ እኔ በኮቱ ላይ ዳብሼ ነው ያወቅሁት። ባርኔጣውንስ ነፋስ ነው የወሰደው?"

ዑቅባዝጊ ባርኔጣ ያልደፋ ራሱን ዳበሰ። አባ አስነጠሱና ባረኳት።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዑቅባዝጊ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልሎ መደበር ወረደ። ሌላ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። ሰዒድ ጠየቀው፣ ነገረው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ሃምሳ አራት ቁራጭ ቡሽ በሃምሳ አራት ቀዳዳ አስገቡ። ዲስኮቹ ዘይት ውስጥ አደሩ፤ እሱ ድስቱን ይዞ ቤቱ ገባ። ጠዋት ዑቅባዝጊ ከፀሐይ ጋር ተነሥቶ ሄዶ ገጠማቸው። ሲመለስ አልጋው ተነጥፏል፣ ብረት ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል፣ ሻንጣው የለም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚነሣው የጊንዳዕ አውቶቡስ ሦስት ሰዓት ላይ ገና መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ ነበር። ሳይሞላ አይነሣም። ጊንዳዕ ደግሞ ሰው ሙቀት ፈልጎ በታኅሣሥ ብርድ ጊዜ የሚወርድበት እንጂ፣ በሰኔ እንደ ምድጃ ነው፤ በሰኔ ጊንዳዕ የሚሄድ ወይ ነጋዴ ነው፣ ወይ ባሏን የተቀየመች ናት። ለተጽዮን በስተ ግራ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጋ፣ ሻንጣውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዑቅባዝጊ ሞተሩን ከመስኮቱ ሥር አቆመ።

"ሽማግሌ አልላክሁም" አላት።

"ብትልክም አልሰማም።"

"አልላክሁም አልኩሽ። ራሴ ነኝ።"

ነገራት። መስኮቱ ከፍ ያለ፣ የአውቶቡሱም ሞተር ለወጉ ያህል የሚያጓራ ስለሆነ ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት፤ ስለዚህ አውቶቡሱ በሙሉ ሰማ። ጫማውን ነገራት፤ ጎማውንና የአሸዋውን ክምር ነገራት። ተክሊት ባር ደፍ ላይ እንዴት እንደቆመ ሲነግራት የጫማዎቹን አፍንጫ አስተካክሎ አሳያት። ባርኔጣው ጋ ሲደርስ ድምፁ ወረደ።

"አልሰማንም" አለ ከኋላ ወንበር አንድ ጨው ነጋዴ።

"ባርኔጣውን ቆራርጦ ሞተሩ ውስጥ ከተተው" ብለው አስረዱት ከለተጽዮን አጠገብ የተቀመጡት፣ ሰው ሁሉ አደይ የሚላቸው አሮጊት፣ ቅርጫታቸውን እንዳቀፉ።

"የትኛውን ባርኔጣ?"

"የሠርጉን።"

ከዚያ ሁሉም ያወራ ጀመር። ጨው ነጋዴው፣ ሰውዬው ጥፋቱ መደበቁ ነው፣ ስለ ደፉ ግን ሊመሰገን ይገባዋል አለ። ረዳቱ ደግሞ ትኬት መቁረጡን ትቶ፣ የሱ አጎት በቡሽ ሳይሆን በአሞሌ ሳሙና እንደሞከረ፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሞተሩ ዳገት ላይ አረፋ እንደሚያወጣ ተረከ። አደይ ለዑቅባዝጊ ጥያቄ ነበራቸው፤ ለምን አልነገርካትም ልጄ? አሉት።

ዑቅባዝጊ ብዙ አሰበ። "ፈራሁ" አለ። "እሷን አይደለም። ያቺን ሻንጣ።"

ለተጽዮን ሻንጣዋን አየች። አደይ በጉልበታቸው ነካ አደረጓት። መንገደኞቹን ማንም አልላካቸውም፤ የራሳቸውን ጉዳይ ይዘው ጊንዳዕ የሚወርዱ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ከነሽምግልናቸው እመልሳቸዋለሁ ያለችው እነሱን አይመለከትም። ይህን ነገር እሷም እያሰበችው እንደሆነ ከፊቷ ይታወቅ ነበር።

"ትኬት ቆርጫለሁ" አለች በመጨረሻ። "አልወርድም። ከፈለግህ ተከተል። መውረድማ በርሜልም ይወርዳል።"

የጎደሉት ሁለት መንገደኞች መጡ፤ አውቶቡሱ ተነሣ።

ቁልቁለቱን ዑቅባዝጊ ከኋላ ተከተለ። ለተጽዮን ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ተቀምጣለች፤ ዞር ብላም አላየች። ማየት አላስፈለጋትም፤ የኋላው ወንበር ወሬውን ተቀባብሎ ያደርስላታል። አሁን ማርሽ ቀየረ። አሁን ዝንጀሮ መንገድ አቋርጦበት ቆመ። ጥሩምባ ነፋ፤ ዝንጀሮውም ሳንቲም የያዘ መሰለ። ጭጋግ ዋጠው። አሁንም አይታይም። ለተጽዮን ያን ጊዜ የተሰበረችውን እጇን በሌላው እጇ ይዛ ነበር። መታጠፊያው ደርሷል፤ ድንጋዮቹን ታውቃቸዋለች፤ ዘጠኝ ዓመት በእንቅልፏ ስታያቸው ኖራለች። ወደ ኋላ ዞረች። በጭጋጉ ውስጥ አንዲት ቢጫ መብራት በጣም ቀስ ብላ፣ ጥግ ጥጉን ይዛ፣ ብርጭቆ በትሪ እንደሚሸከም ሰው ተጠንቅቃ ስትዞር አየች።

"ዞረ" አለ ጨው ነጋዴው።

"አይቻለሁ" አለች።

ነፋሲት ላይ አውቶቡሱ ለሻይ ቆመ። መንገደኛው ሁሉ ወርዶ የዑቅባዝጊን ሞተር ከበበው፤ ፍሪሲዮኑን እጃቸውን ዘርግተው የሚዳብሱም ነበሩ። ለተጽዮን ከሁሉ በኋላ ወረደች። ሻንጣዋን ከሞተሩ ኋላ ባለው የስፌት መኪና ማሰሪያ ላይ አስቀምጣ በገመድ አጠበቀችው፤ ቋጠሮውን ራሷ ፈትሻ።

"አውቶቡሱ ያፍናል" አለች፤ ለማንም ሳይሆን።

ኮርቻው ሁለት ጊዜ አቃሰተ።

የጊንዳዕ ወንድሟ አስገዶም ከፓፓያ ዛፎቹ መሃል ሞተር ሲሰማ እየሮጠ ወጣ። በሰኔ የመጡለት እንግዶች መሆናቸውን ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀው ማን ሞተ ብሎ ነው። ማንም አለመሞቱን ሲያረጋግጡለት ደስታውን የሚያደርግበት አጣ፤ ለልጁ ሠርግ ከገዛው የተረፈች አንዲት የወይን ጠጅ ጠርሙስ ከሣጥን አወጣ። ከዚያ መሐላው ትዝ አለውና ጠርሙሱን እንደያዘ መሃል ቤት ቀረ።

"ክፈተው" አለችው ለተጽዮን። "አንተ ጠጣው። ቀስ ብለህ ክፈት፤ እንዳትበሳው።"

ከፈተው። ቡሹን ከእጁ ተቀበለችው። በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ ወደ ብርሃኑ ይዛ አገላበጠችው፤ እሷም እንደ ባሏ ቅርብ አታይምና እስከ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አስገዶም አፉን ከፍቶ ያያታል። "ከአንድ ቁራጭ ነው" ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ዑቅባዝጊ የቀረበለትን ውሃ ጠጣ፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለመጨረስ ያን ያህል ጊዜ ወስዶበት አያውቅም።

ሁለት ቀን አድረው በሦስተኛው ቀን ወደ አሥመራ ወጡ። ዳገቱ ነው ፈተናው። ነፋሲትን አልፈው ሞተሩ እየተነፈሰ፣ እየተንፈራገጠ፣ ግን ሳይንሸራተት ወጣ። ከዓርበሮቡዕ በታች ያለው የመጨረሻው ቀጥ ያለ አቀበት ላይ ግን ትንሽ ያዝ ለቀቅ አደረገው፤ ፍሪሲዮኑ ጋለ፤ ከእግራቸው ሥር የሞቀ የወይን ጠጅ ሽታ ተነሥቶ ሁለቱን ሸፈናቸው።

"ዑቅባዝጊ" አለች ለተጽዮን ከጀርባው።

"አቤት።"

"ማን ነው የጠጣው?"

ዑቅባዝጊ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ሰልባቲዮውን ቸብ ቸብ አደረገ።

ጠማማዋ እጇ በወገቡ ዙሪያ ነበረች፤ ትንሽ ጠበቅ አደረገችው።

"እንግዲህ እሱ አልማለም" አለች።

መታጠፊያው ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ከዓርበሮቡዕ ቤቶች ሕፃናት ሳንቲም ይዘው ወጡ።